የአማኑ ስክሪን

የመኪና ስክሪን ካርቶን ላይ ያለው ሥዕል ሰው ያሳብዳል። አንድ እጅ ሶኬት ይዟል፣ ከሶኬቱ ወደ ስክሪኑ ቀስት ተሰምሯል፣ ከዚያ ቀጥሎ ፈገግ ያለ ሹፌር ተቀምጧል። በቃ። ይህን ያየ ደንበኛ ሁሉ እኔ ዘንድ ሲመጣ «መሰካት ብቻ እኮ ነው» ብሎ ነው የሚጀምረው። መሰካት ብቻ ከሆነ ለምን ራስህ አትሰካውም? አልልም እንጂ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የድሮውን ቴፕ ፍሬሙ ሳይሰነጠቅ ፈልቅቆ ማውጣት፣ የኋላውን ካሜራ ሽቦ ከኋላው በር ጀምሮ በምንጣፍ ሥር እስከ ዳሽቦርዱ መሳብ፣ ማይኩን መሪው አጠገብ ማንም የማያየው ቦታ መደበቅ፣ ይህ ሁሉ ካርቶኑ ላይ የለም።

ለነገሩ መኪናው ቪትዝ ከሆነና ሶኬቱ ልክ ከሆነ ሥራው ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ይህንን ለደንበኛ አልናገርም። አሁን የማነሳው አንድ ቀን ይህችኑ የአንድ ሰዓት ሥራ እስከ ማምሻው ድረስ መጎተት ስለነበረብኝ ነው።

ደግፌ እባላለሁ። ሱቄ ዓለም ባንክ ሰፈር ነው፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። ፊት ለፊቱ ሁለት መኪና የምታስቆም ቦታ አለችኝ፤ ከላይ ቆርቆሮ አልብሻታለሁ። በአንድ ጎኔ ጎሚስታ፣ በሌላው ጎኔ የትሕትና ምግብ ቤት አለ። ነፋሱ ከቆሻሻ መጣያው፣ ከቆሼ በኩል ሲዞር ሦስታችንም በራችንን እንዘጋለን፣ ሲመለስ እንከፍታለን።

ባለቤቴ ምሥራቅ ከሞተች ዓመት አልፏል። መሞቷን የሰማሁት በመኪና ስፒከር ነው። ለአንድ ደንበኛ ስክሪን ገጥሜ፣ ለመሞከር የራሴን ስልክ አገናኝቼ፣ በቀለበት መንገድ ወደ ዘነበወርቅ እየነዳሁ ነበር። ምሥራቅ ለቀላል ኦፕሬሽን ተኝታ ነበር፤ ማታ ሄጄ ላመጣት ተነጋግረናል። የአክስቷ ልጅ ደወለች። መኪና ውስጥ መሆኔን አላወቀችም፤ ብታውቅም በዚያ ሰዓት ሰው ራሱን አያውቅም። «ደግፌ፣ ምሥራቅ ሞተች» አለች። በአራቱም በር ስፒከር አለችኝ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ በደንብ ነበር የገጠምኩት።

መኪናውን ለባለቤቱ መልሼ፣ አጠቃቀሙን አሳይቼ፣ ካሜራውን አስሞክሬ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም። ዘመዶቿ «ልቡ ደንዳና ነው» አሉ። ደንዳና አይደለም፣ ዝም ብሏል እንጂ። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ ተወግቶ ከንፈሩን እንደማያውቀው ሰው ሆንኩ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ደንበኛ ሲቀልድ እስቃለሁ። ነገር ግን የሚደርስብኝም የሚደርስልኝም ነገር የለም።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ማልዶ በር ይንኳኳል። ሰውየው እንዲቀመጥ ይደረግና ቢወድቅ የሚይዘው ሰው በግራና በቀኙ ከቆመ በኋላ ነው ቃሉ የሚወጣው። ድሮ ይህን ነገር እንደ ከንቱ ድካም ነበር የማየው። ሰው ከሞተ ሞተ ነው፣ ምን ያሽሞነሙነዋል እል ነበር። ከቀለበት መንገዱ በኋላ ግን ገባኝ።

አማኑ የመጣው ረፋድ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሙ በዛብህ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ነው፤ ዕቃ የማወጣው ከእሱ ነው። ስክሪኑንም ከነካርቶኑ ለወንድሙ አስይዞ ወደ እኔ የላከው እሱ ነው። አማኑ ሠላሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ አፉ የማይዘጋ ልጅ ነው። እዚሁ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ሥር የመጋረጃ ሱቅ አለው። ቪትዙን ቆርቆሮው ሥር አቁሞ ወረደና ካርቶኑን አስታቀፈኝ።

«መሰካት ብቻ ነው አይደል?» አለኝ።

«መሰካት ብቻ ነው» አልኩት። «ቁጭ በል።»

አልተቀመጠም። በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ እያንዳንዷን ብሎን ስፈታ ያየኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ደንበኛ ያናድደኛል፤ የሌባ ጠባቂ ይመስል ከላይ መቆም ምንድነው? እሱ ግን ሊጠብቀኝ አልነበረም፣ የሚያወራው ሰው ፈልጎ ነው።

«ለምን እንደማስገጥመው ልንገርህ?» አለ። «እናቴ አገር ቤት ናት፣ ከወልቂጤ ወዲያ። አንድም ቀን ቁጭ ባልኩበት ደውላልኝ አታውቅም። ሁልጊዜ መሪ ላይ ነው የምታገኘኝ። ላንሳ ብል ትራፊክ አለ፣ መልሼ ስደውል ደግሞ ኔትወርክ የለም። ‹ስደውልልህ አታነሳም› ብላ አኮረፈችኝ። ማኩረፍ ስልህ የምር ነው፤ ለበዛብህ ሰላም ብላ ለእኔ ሳትል ስልኩን ትዘጋለች።»

«አሁን ታነሳላታለህ ማለት ነው።»

«ጣቴን ጣል ማድረግ ብቻ!» አለና በባዶው ዳሽቦርድ ላይ ጣቱን ጣል አድርጎ አሳየኝ። «ደግሞ ሰሞኑን አሟታል። ቅዳሜ ሄጄ አመጣታለሁ፣ እዚህ ትታከማለች። በመንገድ መዝሙሯን እከፍትላታለሁ።»

የድሮውን ቴፕ አወጣሁ፣ የስክሪኑን ሶኬት ሰካሁ። አንዴ ስገፋው ጠቅ አለ። ስክሪኑ በራ። የአማኑን ስልክ አገናኘሁት፤ ወዲያው ያዘ፣ የስልኩ ስሞች ሁሉ ተደርድረው ወጡ። ማይኩን ገና አልደበቅኩትም እንጂ ይሠራል። እንግዲህ የቀረው ካሜራውና መክደኑ ነበር።

«የመጀመሪያው ጥሪ ለእሷ ነው» አለ አማኑ፣ ወደ ሹፌሩ ወንበር እየገባ።

በዚህ መሀል የእኔ ስልክ ጠራ። በዛብህ ነው።

«ደግፌ፣ አማኑ አጠገብህ ነው?»

«አለ።»

«ራቅ በልልኝ።»

ወደ ጎሚስታው በኩል ሄድኩ።

«እናታችን አርፋለች» አለ። ድምፁ የነጋዴ ድምፅ አልነበረም። «አሁን ከአገር ቤት ደውለው ነው፤ ጩኸቱ በስልኩ ይሰማ ነበር። ለእሱ እንዳትነግረው። ብቻውን ከሰማ መኪናዋን አስነስቶ ነው የሚበረው፣ ወሊሶ ሳይደርስ ይገለበጣል፣ አውቀዋለሁ እኔ። ሽማግሌ ሰብስቤ፣ አክስታችንን እትዬ ጤናዬን ይዤ እስክመጣ ድረስ እዚያው አቆይልኝ። መኪናዋን ፈታታት። ስልኩንም ከእጁ አውጣ፣ አንዱ ዘመድ ደውሎ እንዳያረዳው።»

«እሺ።»

«አደራህን ደግፌ።»

አዘንኩ ብል ውሸት ነው። አዝን እንደሆነ ጠበቅኩ፣ ምንም አልመጣም። አንድ ነገር ግን ወሰንኩ። ይህ ልጅ የእናቱን ሞት ከዳሽቦርድ አይሰማም። ሰው ይነግረዋል፣ ሰው ይይዘዋል።

ስመለስ የአማኑ ጣት ስክሪኑ ላይ ነበር። ስሞቹን ወደ ላይ እየገፋ እናቱን ይፈልጋል። በተሳፋሪው በር ገብቼ እጄን ከስክሪኑ ጀርባ ሰደድኩና ሶኬቱን ነቀልኩት። ጨለመ።

«ምን ሆነ?»

«ማይኩ አይሠራም» አልኩ። «ብትደውልም አትሰማህም።»

የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ውሸቴ ነበር። ቀላል ነበር። ሰው ሲዋሽ ልቡ ይመታል ይባላል፤ የእኔ አልመታም።

ከዚያ በኋላ ያችን ቪትዝ የሌባ ሰፈር ያደረች አስመሰልኳት። የመሪውን ሽፋን ፈታሁ። የፍጥነት መቁጠሪያውን ከነፍሬሙ አውጥቼ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛሁት። የእቃ መያዣዋን ሳጥን፣ የአየሩን መውጫዎች፣ የማርሹን ዙሪያ፣ አንድም ሳያስፈልግ ፈታሁ። አማኑ አፉን ከፍቶ ያያል።

«መሰካት ብቻ ነው አላልከኝም?»

«ሶኬቱ አልገጥም አለ። አንዱ ሞዴል ካንዱ ይለያያል።»

«በዛብህ ልክ የመኪናህ ነው ብሎኝ።»

«በዛብህ ይሸጣል፣ የምገጥመው እኔ ነኝ» አልኩት። ሳቀ። «ስልክህን ተውልኝ። ሶፍትዌሩ ከስልክህ ጋር እስኪላመድ አብሮ መቆየት አለበት።»

እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ሰው ግን «ሶፍትዌር» ከተባለ ያምናል፤ ሐኪም «ቫይረስ ነው» ሲለው እንደሚያምነው። አማኑ ስልኩን ሰጠኝ፣ የሚከፈትበትንም ቁጥር ነገረኝ። ትሕትና ቤት ሄዶ ምሳ እንዲበላ፣ በእኔ ሒሳብ መሆኑን ጭምር ነግሬ ላክሁት። ትሕትና ጎበዝ ወሬኛ ናት፤ ታቆይልኛለች ብዬ ነው።

ብቻዬን ስሆን ስክሪኑን መልሼ ሰካሁት። ልማድ ነው። የፈታሁትን ሁሉ ከመክደኔ በፊት መብራቱን አያለሁ፣ ያበላሸሁት ነገር ካለ ያኔ ይታወቃል። ስክሪኑ በራ፣ ወንበሩ ላይ የተውኩትን የአማኑን ስልክ ፈልጎ ራሱ አገናኘ። የመሪውን ሽፋን አንስቼ ብሎኖቹን ስለይ ነበር ጥሪ የገባው።

በአራቱም በር ጮኸ። ስክሪኑ ላይ በትልቁ «አዶት» የሚል ስም ወጣ። በጉራጌኛ እናት ማለት ነው። መርካቶ እየተመላለሰ የኖረ ሰው ይህን ለማወቅ ጉራጌ መሆን አያስፈልገውም። ከስሙ ሥር አረንጓዴና ቀይ ክብ አለ።

የሞተች ሴት አትደውልም። የሟች ስልክ በለቅሶ ቤት ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞር አውቃለሁ፤ የምሥራቅም ዞሯል። አንዷ ጎረቤት ናት አልኩ። የሟቿን ስልክ አንስታ፣ የልጅየውን ስም ፈልጋ፣ እሪ ልትልበት ነው። ልጁ ትሕትና ቤት ሽሮ እየበላ ነው። ቢመጣና ቢሰማስ? ጥሪው እንደገና በአራቱም በር ጮኸ፣ አየሁት፣ የመሪውን ሽፋን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቀዩን ነካሁት።

ዝም አለ። ሽፋኑን እንዳነሳሁ ደግሞ ጠራ። አዶት። ደግሜ ቀዩን ነካሁት። ከዚያ ስልኩን ራሱን አጥፍቼ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር የተሰማኝ ያኔ ነው። ትንሽ ነገር ናት። ደረቴ ላይ ሞቅ አለኝ። ለእኔ ማንም ያላደረገልኝን ለአንድ የሰው ልጅ አደረግኩ ብዬ ነው። ምሥራቅ ብታየኝ ትደሰት ነበር ብዬም አሰብኩ። ያን ያህል ርቄ ሄድኩ።

አማኑ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ ተመለሰ።

«አለቀ?»

«እየተላመደ ነው።»

እንግዲህ ከሰዓት በኋላውን እንዲህ አሳለፍነው። እኔ የፈታሁትን እገጥማለሁ፣ የገጠምኩትን እፈታለሁ። እሱ የላስቲክ ወንበሯን በሩ አጠገብ አምጥቶ ተቀምጦ ብሎን ያቀብለኛል፣ ስለ እናቱ ያወራል። ዓይኗ ደህና ነው፣ ጆሮዋ ነው የደከመው። ስልክ ስታወራ ማዶ ተራራ ላይ ላለ ሰው የምትጣራ ነው የሚመስለው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ሁለቱንም ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ሰደደቻቸው፤ እሷ ግን እንሰቴን ትቼ ወዴት ብላ ቀረች። መኪና ሲገዛ መርቃው ስታበቃ መጀመሪያ የጠየቀችው «ስትነዳ ታወራለህ?» ብላ ነው። አላወራም ብሎ ምሎላታል።

«የኋላውን ካሜራ ስታይ ምን እንደምትል ታውቃለህ?» አለ። «‹ወደ ኋላ የሚያይ ነገር ደግሞ ምን ያደርግልሃል፣ ወደፊት እያየህ ንዳ› ነው የምትለው።»

ሳቅሁ። እጄ የካሜራውን ሽቦ ይስባል፣ ጆሮዬ የሞተች ሴት ወሬ ይሰማል፣ ውስጤ እንደተለመደው ዝም ነው። ሊከብደኝ ይገባ ነበር። እንደሚከብድ አውቅ ነበር፤ አልከበደኝም።

«ስልኬን ስጠኝማ፣ ሱቅ ልደውል» አለ ቆይቶ።

«ባትሪው አልቋል፣ ሞልቶ እስኪነሳ ጠብቅ።»

«በአንተ ልደውላ።»

«ካርድ የለኝም።»

«የስክሪን ሱቅ ከፍተህ ካርድ የለህም?» አለ። ፊቱ ግን እየተለወጠ ነበር። «ደግፌ፣ ምሽት ሆነ እኮ። ገበያዬን ትቼ ነው የመጣሁት። ይሄን ዝጋልኝና ልሂድ፣ ነገ እመለሳለሁ።»

«መሪው ተፈቷል፣ እንዴት ትሄዳለህ?»

«ግጠመዋ።»

«እየገጠምኩ ነው።»

ተነስቶ ቆመ። «ቅድም ከበዛብህ ጋር ነው ያወራኸው፣ አይደል?» አለ።

«ስለ ዕቃ ነው።»

«ምን አለ?»

«ዕቃ ገብቷል አለ።»

አላመነኝም መሰለኝ። ደግሞ ማመን ፈለገ መሰለኝ፤ ተመልሶ ተቀመጠና ብሎኖቹን በእጁ መዳፍ እያንከባለለ መንገዱን ያይ ጀመር። ሁለታችንም መንገዱን አየን።

ሚኒባሱ አስፋልቱ ዳር የቆመው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ኮንትራት ነበር፤ የፌርማታ ሰው አልጫነም። በዛብህ ቀድሞ ወረደ፣ ቀጥሎ ሽማግሌው ጋሽ ወልደሰንበት፣ ቀጥሎ እትዬ ጤናዬ፣ ከኋላ ሁለት የዕድር ሰዎች። እትዬ ጤናዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሽማግሌና አክስት ተያይዘው ስክሪን ሊያስገጥሙ አይመጡም።

አማኑ አየና ተነሳ። በእጁ ካቻቢቴ ይዞ ነበር።

«አማኑ ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት።

«አልቀመጥም ጋሼ። ይንገሩኝ።»

«ቁጭ በል ስልህ።»

በዛብህ በግራው ቆመ። አንዱ የዕድር ሰው በቀኙ። ሽማግሌው ሰው ሁሉ አንድ ቀን እንደሚሄድ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን እንደሚወስድ፣ ማንም እንደማይቀር ቀስ ብለው ተናገሩ፤ መጨረሻ ላይ የእናቱን ስም ጠሩ። አማኑ ካቻቢቴውን ጣለው። ወደቀ፤ ያዙት። ጮኸ፣ ደረቱን መታ፣ እጆቹን ያዙለት። ትሕትና ከምግብ ቤቷ ውኃ ይዛ ሮጠች። ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን አጠፋ።

እኔ የማርሹን ሽፋን ይዤ ቆሜ ነበር። ነገሩ እንደ ወጉ ሄደ፣ ምንም የጎደለ የለም አልኩ በልቤ። የሚይዘው ሰው ነበረ፣ መሬት ላይ እንኳ አልደረሰም። የሠራሁትን ሥራ ጨርሼ መብራቱን እንደማይ ሰው ነው ያየሁት።

ጥቂት ቆይቶ በላስቲክ ወንበሯ ላይ አስቀመጡት። እትዬ ጤናዬ ራሱን ወደ ሆዳቸው አስጠግተው ያባብሉት ጀመር።

«አታልቅስ በል። ያንተስ እናት ደህና አድርጋ ነው የሄደችው። ጠዋት እኮ ትንፋሿ ጠፍቶ ጨርሳለች ብለው ጮኸውባት ነበር። ቀን ላይ ነቃች። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ውኃ ቀመሰች፣ የጎረቤቱን ሁሉ ስም ጠራች። ከዚያ ‹ለአማኑ ደውሉልኝ› አለች። በራሷ ስልክ ደውለው ጆሮዋ ላይ ያዙላት። ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ደግመው ደወሉላት፣ ተዘጋ። ‹እየነዳ ነው፣ ተዉት› አለች። አልተቀየመችህም። ‹እየነዳ ነው› ብላ ተኛች፣ በዚያው አለፈች። ይህን ያዝ ልጄ፣ ሳትቀየምህ ነው።»

ሊያጽናኑት ነው የተናገሩት። የማርሹን ሽፋን ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔም አሁን ነው የሰማሁት፣ መንገድ ላይ» አለ በዛብህ ወደ እኔ ሳያይ። «ኔትወርክ አጥተው ነው የቆዩት።»

አማኑ ራሱን ከአክስቱ ሆድ ቀና አደረገ።

«እኔ አልተደወለልኝም» አለ። «አልነዳሁም። ቀኑን ሙሉ እዚህ ነው የተቀመጥኩት።» ዓይኑ እኔን ፈለገ። «ደግፌ፣ ተደውሏል?»

በዛብህ ከወንድሙ ጀርባ ሆኖ ራሱን በጣም ትንሽ ወዘወዘልኝ። የለም በለው ማለቱ ነው። ይኸም የወጉ አካል ነው፤ የሚጎዳ ነገር ለሐዘንተኛ አይነገርም።

«ተደውሏል» አልኩ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። ሁለቱንም። በስልኳ የደወለች ጎረቤት መስላኝ። እንዳያረዱህ ብዬ ነው።»

ትሕትና ውኃውን እንደያዘች ቆመች። ኋላ ጋሽ ወልደሰንበት «ለበጎ ብሎ ነው» አሉ፣ ለእኔም ለእሱም አይደለም፣ ለመሬቱ። አማኑ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ደግሞም እንዲመታኝ ፈለግኩ። በዚያ ዓመት ሙሉ የፈለግኩት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። አልመታኝም።

ደግፈው አስነሱት። ቀብሩ ነገ ስለሆነ ሌሊቱን ሊጓዙ ነው። ቪትዟ ተፈታታ እኔ ጋ ትቀራለች። ስልኩን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ለበዛብህ ሰጠሁት፤ ተቀብሎኝ ሳያየው ኪሱ ከተተው። ከሚኒባሱ እስኪያደርሱት እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ለምን እንደተከተልኩ አላውቅም።

በሩ ላይ አማኑ ቆመና ወደ ኋላ ዞረ። የያዙት ለቀቁት።

«ደግፌ» አለ። ድምፁ በጩኸት ብዛት ሻክሯል። «ከመዝጋትህ በፊት ድምጿን ሰማህ?»

ያልተነሳ ስልክ ድምፅ እንደሌለው እሱም ያውቃል። አውቆ ነው የጠየቀኝ። ከሰው ሁሉ መጨረሻ ድምጿን የሰማሁት ምናልባት እኔ ከሆንኩ፣ ያንን ከእኔ ሊወስድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ማይክ፣ ስለ ሶኬት፣ ስለ ሶፍትዌር፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ካርድ ዋሽቼዋለሁ፤ አንዱም አላነቀኝም። «አዎ፣ ስምህን ጠራች» ብለው ምን ነበረበት? ሰውየው ይህንኑ ብቻ ይዞ ወልቂጤ ይደርስ ነበር። አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ቀድሞ መጣ፣ ውሸቱ አልመጣም።

«አልሰማሁም» አልኩት።

«እሺ» አለና ገባ።